አረሙን ትተን ጤፉን የነቀልን ዕለት

መጀመሪያ ስለ አባቴ መሐላ ልንገራችሁ። እሱን ሳታውቁ የቀረው ነገር አይገባችሁም።

አባቴ የሚምለው በእህቴ በባንቺ ስም ነበር። በሬው ደክሞታል ለማለት «ባንቺ ትሙት!» ዝናቡ ዛሬ አይቀርም ለማለት «ባንቺ ትሙት!» ጎረቤት ጋብዞት ጠላው ቀጥኖ ከሆነ እንኳ፣ ከበር ወጣ ብሎ «ውኃ ነው፣ ባንቺ ትሙት!» ይላል። ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ሰው ነው። በእኔ ምሎ አያውቅም። ልጅ ሆኜ በዚህ ነገር አልቅሻለሁ። እህቴ ትስቅብኛለች። «ሁኔ፣ ከፈለግህ ውሰደው፤ እኔስ በቀን አሥሬ መሞት ሰልችቶኛል» ትለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጊዜ ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ አባቴ ንግግር መጨረስ አቃተው። «ይህ በሬ እኮ ደክሞታል፣ ባን…» ይልና ያቆማል። አፉ መንገዱን ለምዶታል። በሬውን እያየ ዝም ይላል። እኔም ከጎኑ ሆኜ ዝም እላለሁ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ቤታችን ውስጥ ያለቀ ወሬ አልነበረም።

ሙሉ ስሟ ባንቺአምላክ ነው። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ኩላሊቷ ነው አሉን። ደብረ ማርቆስ ወስደን አስተኝተናት ነበር፤ በመጨረሻ ቤቴ ውሰዱኝ አለች፣ አመጣናት። እኔ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። ስለዚህ እርሻ ላይ ነበርኩ፣ ከአምበር የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሆነች መንደራችን። ስሜ ይሁኔ ነው። ንግግር አልችልም። ማለቴ፣ እችላለሁ፤ ግን መልሱ የሚመጣልኝ ጠያቂው ከሄደ በኋላ ነው። ስጽፍም እንደዚሁ ነኝ። ታገሡኝ።

ስለ ባንቺ አንድ ነገር ልጨምር። በአጥቢያችን እንደ እሷ አራሚ አልነበረም። የእሷ እጅ ያለፈበት እርሻ እንደ ተወለወለ ጣባ ነው። መንገድ ስትሄድ እንኳ በሰው ማሳ ውስጥ አንድ አረም ካየች ዐልፋ አትሄድም። በጓደኛዋ ሠርግ ቀን ሙሽራዋን አጅባ ስትሄድ፣ ከአጃቢው ወጥታ የማያውቁት ሰው ጤፍ ውስጥ ገባች፤ አንድ አረም ነቅላ፣ የእጇን ጭቃ በአዲሱ ቀሚሷ ጠርጋ ተመለሰች። የአረም መድኃኒት ወደ እኛ ሲመጣም መርጫውን መጀመሪያ በጀርባዋ ያዘለችው እሷ ናት። የእኛን ረጭታ የጎረቤቱን ትረጫለች። ሁሉም መረቃት።

እና ያቺ ሴት አልጋ ላይ ሆና የነገረችኝ ይህን ነው።

«ሁኔ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በእንቁጣጣሽ ልጆቹ ምን ይዘው እንደ መጡ ታስታውሳለህ?»

«አበባ።»

«የፕላስቲክ አበባ! ከአምበር ሱቅ የተገዛ። ‹አደዩስ?› ብላቸው ‹የለም እትዬ› አሉኝ። ሄጄ ሜዳውን ዞርኩት። የለም። ከእርሻው ዳር የለም፣ ከመንገዱ ዳር የለም። ማን እንደ ጨረሰው ታውቃለህ?»

መልሴን አልጠበቀችም።

«እኔ። በጀርባዬ ተሸክሜ።»

ከዚያ ወዲህ፣ ለካ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ገደል ለገደል ትዞር ነበር። መርጫ ያልደረሰበትን ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጸድ፣ የወንዙን አፋፍ። ዘር ስትለቅም። የአደይ ዘር እንደ መርፌ ቀጭንና ጥቁር ናት። ከእሷ ጋር የማገጥ ዘርም ነበረ፤ ያ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣው የሜዳ ተክል። ሦስት የዘይት ፕላስቲክ ሞልታ ከጣራው ማገር ላይ ሰቅላዋለች። አባቴ የጎመን ዘር ይመስለው ነበር።

«የእኔን ግማሽ ጥማድ አርሰህ ዝራልኝ» አለች። አባቴ ከመንገዱ ዳር ለእሷ የሰጣት የመሬት ድርሻ ነው። «ማዳበሪያ እንዳታስነካው። መሬቱ ከወፈረ ሣሩ ይውጠዋል። ዘሩን ከአሸዋ ቀላቅለህ በትን፣ አፈር አታልብሰው፣ በጎች ንዳበትና ይርገጡት። ሣር ሲበዛበት ሣሩን ንቀልለት። አበባው ዘሩን ሳያራግፍ ማንም እንዳያጭደው።»

«ለአባዬስ?»

«ለአባዬ አንተ ንገረው።»

አልነገርኩትም። ስሕተቱ ሁሉ ከዚህ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ እንዳለችኝ ዘራሁ። የሦስት ዓመት ለቀማዋን ጨርሼ። አንድ ፍሬ አላስቀረሁም፤ ለምን እንደማስቀር አላወቅኩማ። ማታ አባቴ «ዘራኸው?» አለኝ። «ዘራሁት» አልኩ። ምን ብሎ አልጠየቀም። በእኛ አገር በዚያ መሬት በዚያ ወር ጤፍ ነው የሚዘራው። ፀሐይ በየት ወጣች ብሎ የሚጠይቅ አለ?

በቀለ። ነሐሴ ላይ እስከ ቅልጥም ደረሰ። ችግሩ፣ አምና የረገፈ ጤፍም ሳይዘራ በመሀሉ በቅሏል። አንዳንድ ቦታ ጭፍግ ብሏል። ታዲያ መንገደኛ ሲያየው የሚያየው ይህን ነው፦ ጤፍ ተዘርቶ አረም በላው። የማን እርሻ? የባንቺ! በእሷ ስም አፍ የሚከፈትበት ነገር ሆነ። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ በሌለሁበት ተማከሩ። ልጁ ሐዘን ሰብሮታል፣ እጁን መሬት ላይ አያሳርፍም፣ የሟች ስም ግን እንዲህ መጉደፍ የለበትም ተባባሉ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ቀኑ የፍልሰታ ጾም ነው። ማለዳ አህያ ጭኜ አምበር ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ረፋድ ላይ ስመለስ፣ ከቁልቁለቱ ሳልወርድ ዘፈን ሰማሁ። የአረም ዘፈን። አንዲት ሴት ታወጣለች፣ ብዙ ሰው ይቀበላል።

የባንቺ እርሻ ነው፣ አረም አይድረስበት፣
እጇ የተማረ፣ ጣቷ ያለፈበት።

አህያዋን ትቻት ሮጥኩ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ መስመር ተጎንብሰዋል። እኔ ስደርስ ሲሶውን ጨርሰዋል። የነቀሉትን አደይ ከዳር ከምረውታል፤ እንደ ነዶ። ያለፉበት ቦታ ላይ የቀረችው እዚህም እዚያም ያለችው ጤፍ ብቻ ናት። የደቦው አለቃ አያ ደምሴ ናቸው፣ የስልሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ የአባቴ ባልንጀራ። አዩኝና ቀና አሉ። ፊታቸው በርቷል። ስጦታ ያመጣ ሰው ፊት።

«መጣህ ልጄ! አይዞህ። ሳትጠራን መጣን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጨርስልሃለን።»

መናገር ነበረብኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልመጣም። ታዲያ ምን አደረግኩ? ካልታረመው ክፍል ከፊት ለፊታቸው ሄጄ ተኛሁ።

«ወይኔ ልጁን!» አለች አንዷ። ሁሉም ደረታቸውን ደቁ። ሐዘን መስሏቸዋል። ሐዘንም ነበር፣ ግን… እንዴት ልበለው። አራት ወንዶች መጥተው እጅና እግሬን ይዘው በቀስታ፣ እንደ እንቁላል፣ ከዳር አስቀመጡኝ። ከዚያ ተመልሰው ማረም ቀጠሉ። እኔም ተመልሼ ተኛሁ። እንደ ገና ተሸከሙኝ። በሁለተኛው ጊዜ አንዱ «አይከብድም፣ ምግብ አይበላም መሰል» ሲል ሰማሁት። በሦስተኛው አያ ደምሴ ጋቢያቸውን አለበሱኝና እትዬ ውዴን ከጎኔ አስቀመጡ። እትዬ ውዴ ዘፈኑን ሲያወጡ የነበሩት ሴት ናቸው፤ ክንዳቸው በሬ ያስቆማል። ክርኔን ያዙ።

«እንባህን አውጣው የኔ ጌታ። በቀብሯ ቀንም አላለቀስክ። እዚህ ሆነህ አልቅስ፣ እኛ እዚያ እናርማለን።»

እውነት ነው፣ አላለቀስኩም ነበር። አሁንም አልመጣልኝም። የሚታየኝ የአራሚዎቹ መስመር ብቻ ነው። ወደ ፊት ይሄዳል። በየእርምጃው ሃያ እጅ ይነቅላል። ዘሩ ሌላ የለም። እጇ የለቀመው ሁሉ እዚያ መሬት ላይ ነው፤ ካለቀ አለቀ። የእሷ ሁለተኛ ቀብር መስሎ ታየኝ፣ እሱም በዘፈን።

በዚህ መሀል አባቴ መጣ። ሕዝብ ለልጁ እርሻ መውጣቱን ሰምቶ ለጾም መግደፊያ የሚሆን ንፍሮ አስቀቅሎ ተሸክሞ። ዓይኑ ቀልቷል። «እግዜር ይስጣችሁ» እያለ ጎንበስ ጎንበስ ይላል። እሱን ሳይ አፌ ተከፈተ።

«እሱ ነው የተዘራው!» አልኩ።

አያ ደምሴ ዞሩ። «ምኑ?»

«የምትነቅሉት።»

እጃቸው ላይ ያለውን አዩት። «ይህ?»

«እሱ።»

«ይህ እኮ አረም ነው፣ ልጄ።»

«አዎ።»

«አረም ዘራህ?»

«አዎ።»

«በእርሻ ላይ?»

«በእርሻ ላይ።»

«አርሰህ?»

«ሦስቴ።»

«ሦስቴ አርሶ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ይህ ከሁሉ ባሰ። አንዴ ቢሆን ይቅር የሚሉኝ ይመስላል።

እትዬ ውዴ ክርኔን ለቀቁ። «እኔ ጓሮ አረሙ ሳልዘራው በቅሎልኛል፤ ለካ ሳላውቅ ባለጸጋ ነኝ!» አሉ። ጥቂት ሳቅ ሆነ። አባቴን አይተው ቶሎ ዋጡት።

አባቴ ንፍሮውን መሬት አስቀመጠ። «ማን አዘዘህ?»

«ባንቺ።»



«ባንቺ?» አለ። «አረም? የእኔ ልጅ? ሙሽራ አጅባ አረም የምትነቅለዋ? እሷ እንዲህ ብላ አታውቅም፣ ባን…» አቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሐላው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረበት። እኔን ባይመታኝም እንደ ተመታሁ ቆጠርኩት።

አያ ደምሴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ቄሴን እናስጠራ፣ ጠበል ይዘው ይምጡ» ሲሉ ሰማሁ። ቄሴ የባንቺ የነፍስ አባት ናቸው። ግን ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ በፍልሰታ ደግሞ ቅዳሴ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። እስከዚያስ? ደቦ ከተነሣ እርሻ ሳይጨርስ መበተን ነውር ነው። ሰዎቹ ወደ መስመሩ ይመለሱ ጀመር።

«አያ ደምሴ» አልኩ። «ቄሴ እስኪመጡ። እርስዎ ይዘዙልኝ። ከዚያ እብድ ነው ካሉኝ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ። አንድ ሳይቀር።»

በሕይወቴ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። አያ ደምሴም ይህ ገብቷቸው ይሁን እንጃ፣ «ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጡ። ግን ሃያ ገበሬ በነሐሴ፣ አረም ዳር፣ እጁን አጣምሮ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይችሉም። ዓይናቸው ከአደዩ አይነሣም። አንዱ በእግሩ ጣት ይገፋል። ሌላው እንደ ዋዛ እጁን ይዘረጋል። እኔ ከዳር እዳር እየዞርኩ ጠበቅሁ።

«እትዬ ውዴ፣ እጅዎን!»

«ወይ! ሳላውቀው ነው። እጄ ራሱ ነው የሄደው።» የነቀሉትን መልሰው ሊተክሉት ሞከሩ፤ ወደቀ። «ቁም አንተ» አሉት፣ እንደ ሰው።

አያ ደምሴ ራሳቸው ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ነበር የተቀመጡት። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መንገዱ ያያል። ደመናው በዚያ በኩል መጥቆር ጀመረ።

ቄሴ ዘጠኝ ሰዓት ዐልፎ መጡ። ጥላ በአንድ እጅ፣ ጠበል የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሌላው። ሁሉም ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። አያ ደምሴ ነገሩን ጀመሩላቸው፤ ቄሴ ግን «አረም ዘርቶ…» የሚለው ላይ ሲደርሱ የቀረውን አልሰሙም። ጠርሙሱን ከፍተው ከራሴ ላይ ገለበጡት። ውኃው እንደ በረዶ ነው። እስከ ወገቤ ወረደ።

«በል አሁን ተናገር፣ ማን ነህ?» አሉ።

«ይሁኔ ነኝ፣ ቄሴ።»

ቅር ያላቸው መሰለኝ። «ምን ዘራህ?»

«አደይ። ማገጥም አለበት። ባንቺ ነች ዝራ ያለችኝ። ግማሽ ጥማዷን።»

እጃቸው ከነጠርሙሱ አየር ላይ ቀረ። «ግማሽ ጥማዷን?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«ማዳበሪያ እንዳይነካው ብላሃለች?»

አሁን እኔ ደነገጥኩ። «አዎ። እርስዎ እንዴት…?»

ቄሴ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «ኑዛዜዋን ስቀበል ነገረችኝ» አሉ፣ ወደ አባቴ እያዩ። «ጋቢዬን ለእገሊት፣ በጌን ለቤተ ክርስቲያን፣ ግማሽ ጥማዴን ለአደይ አበባ አለች። ‹አጥፍቼዋለሁና ልመልስ› አለችኝ። ትኩሳት መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ ሞተች ከሚባል ብዬ ለአንተ ስነግርህ ያቺን ዘለልኳት። ለስሟ ብዬ ነው፣ ወንድሜ። ኑዛዜ ጎርጄ አስቀረሁ።»

ይህን ብለው ቆብና ጥምጣማቸውን አነሡ። በጠርሙሱ የቀረችውን ጠበል በራሳቸው ላይ አፈሰሱ። ማንም አልሳቀም። የቄስ ራስ ላይ ጠበል ሲፈስ ያየንበት የመጀመሪያ ቀናችን ነው። የት ማየት እንዳለብን እንኳ አላወቅንም።

«ስለዚህ?» አሉ አያ ደምሴ።

«ስለዚህ ኑዛዜ ነው። እንዳለችው ይሁን።»

ሁሉም እርሻውን አየ። አባቴ ግን በእጁ መሀሉን አመለከተ። «ጤፉስ? በመሀሉ ጤፍ አለ። እሱ ምን ይሁን?»

አሁን ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። «ሣር ሲበዛ ንቀል ብላለች» አልኩ። «ጤፍ… ሣር ነው።»

«ጤፍ ሣር ነው አለ!» ጫጫታ ሆነ። ጠበሉ አልሠራም አለ አንዱ። ዐሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ የተማርነው ነው፣ ጤፍ ከሣር ወገን ነው። በትምህርቴ የተጠቀምኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው፤ እሱም ጥቅም ከተባለ። ግን ነገሩ እውነት ነበር። ጤፉ እየጠነከረ አደዩን ሊውጠው ነው።

ማን ይጀምር? ያን ሁሉ ዓመት ጤፍን ከአረም ሲያድን የኖረ እጅ አረሙን ትቶ ጤፍ ይንቀል? አያ ደምሴ ጎንበስ አሉና አንዲት ጤፍ ያዙ። ያዙ እንጂ አልሳቡም። «እምቢ አለኝ» አሉ። እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ያኔ አባቴ ገባ። ረጅም ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንዲት ጤፍ ከሥሯ ነቀለ። ሊጥላት እጁን አነሣ፤ አልጣላትም። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ከኮቱ ኪስ ከተታት። አማተበ። ሁለተኛዋን ነቀለ።

ከዚያ ሁሉም ገባ። የቀረውን ማየት ነበረባችሁ። ሃያ ሰው ጤፍ ይነቅላል፣ የሚጥላት ግን የለም። በኪስ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በባርኔጣ። እኔ በመሀላቸው እየዞርኩ አስተምራለሁ። «ቅጠሉ የተሰነጣጠቀው ይቀራል። ያ ቀጭኑ ይወጣል።» አንድ ሰው ከልማድ አደይ ሲነቅል «ይቅርታ» ይላታል፣ ይመልሳታል። ቄሴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጥግ ላይ ናቸው፤ በእያንዳንዷ ጤፍ «እግዚኦ» እያሉ። እኔን እብድ ነው ያሉት ሃያ ሰዎች በሙሉ እንደ እኔ ሆነው ነበር፤ እንደ እኔ ብቻም አይደለም፣ ከእኔ ብሰው።

እትዬ ውዴ ያለ ዘፈን ማረም አይሆንላቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የባንቺ እርሻ ነው፣ ጤፍ አይድረስበት፣
እጇ የተማረ፣ ጣቷ ያለፈበት።

ሕዝቡ ተቀበለ። በሙሉ ድምፅ፣ እንደ ቁም ነገር። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተለወጠ፤ የት ጋ እንደ ተለወጠ አላውቅም። ከግንቦት ጀምሮ የነበረው ሁሉ ወጣ። አያ ደምሴ ከጎኔ ጤፍ እየነቀሉ ሳይዞሩ፣ «ይኸው፣ አሁን ተስተካከለ» አሉ።

የተነቀለውን ጤፍ ማንም ቤቱ ሊወስድ፣ ማንም ሊጥል ስላልቻለ፣ በእርሻው ዙሪያ ድንበሩ ላይ ተከሉት፤ አጥር መሰለ። ጠዋት የተነቀለውን አደይ ደግሞ ከክምሩ እየለዩ ሥሩ ያልደረቀውን መለሱ። ስንጨርስ ዝናቡ ያዘን። የነሐሴ ዝናብ። ለተክል ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ንፍሮውን ዛፍ ሥር ተጠግተን በላነው፤ ርሶ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር አልሰጥም። ዕድሜዬም አይፈቅድ። የተለወጠብኝን ብቻ ልንገራችሁ። እኔ እህቴን በዝምታ የምጠብቃት ይመስለኝ ነበር። አባቴ በዝምታ፣ ቄሴም በዝምታ፣ ለስሟ ብለው። ሰዎቹም ከእኔ ሳይነጋገሩ፣ ለእኔ ብለው። ሁላችንም ስለምንወዳት ዝም ስንል፣ በዘፈን ልንነቅላት ነበር። አሁን ቃሉ ቢዘገይም፣ ጠያቂው ቢሄድም፣ ተከትዬ ሄጄ እነግረዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይስቁብኛል፤ ከኋላቸው ሮጬ ስለምደርስ። ይሁን።

ሁሉም አልጸደቀም። ከተመለሰው ውስጥ ግማሹ ሞተ። ጠዋት የታረመው ጥግ ዛሬም ሳሳ ያለ ነው። ግን መስከረም ሲጠባ ቢጫ ነበር። ሐምራዊውም ከሥር። ልጆቹ ለእንቁጣጣሽ መጡ፤ ከዳር ከዳሩ እንዲቀጥፉ ፈቀድኩ፣ መሀሉ ለዘር ይቆይ ብዬ። ጥቅምት ላይ አያ ደምሴ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል መጥተው «ጥቂት ፍሬ ስጠኝ፤ ለእርሻ አይደለም፣ ለዳሩ ነው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ያ ዘር ከእኛ ቤት ማገር ሌላ፣ በእሳቸውም ቤት ተሰቅሏል።

ግን ከሁሉ የማልረሳው ከእንቁጣጣሽ ማግስት ያለውን ቀን ነው። አባቴና እኔ ከእርሻው ዳር ቆመናል። አንድ የማናውቀው ሰው፣ በቅሎ እየነዳ ወደ አምበር ገበያ የሚሄድ፣ ቆመና እርሻውን ከላይ እስከ ታች አየው። ራሱን ነቀነቀ።

«የማን ሰነፍ እርሻ ነው?» አለ። «ጤፉን አረም ጨረሰው!»

አባቴ ቀና አለ። ከሞተችበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ቀና ብሎ አላየሁትም።

«ሰነፍ?» አለ። «ና፣ ግባና ፈልግ! ይሁኔ ይሙት፣ አንዲት ጤፍ አታገኝበትም!»